አንደኛ ማርሽ ወደ ጉደር

ባለቤቴና እኔ አንዲት መኪና ለሁለት እንነዳ ነበር። ተረት ከመሰላችሁ የዚያን ዘመን የጉደር ገበያተኛ ጠይቁ። እሱ መሪውን ይይዛል፤ ነዳጁን፣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን በእግሩ ይረግጣል። ማርሽ የማስገባው ግን እኔ ነበርኩ፤ መሃል ተቀምጬ፣ በግራ እጄ።

ነገሩ በአብዮቱ ዘመን ነው፤ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባባልበት፣ ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት ጊዜ። ከአምቦ ጉደር ገበያተኛ የምናመላልስባት መኪናችን የድሮ የአሜሪካ ሥሪት ነበረች። ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ አፍንጫዋ ረጅም። የፊት ወንበሯ እንደ አግዳሚ አንድ ወጥ ስለሆነ ከሾፌሩ ጎን ሁለት ሰው ያስቀምጣል። የማርሿ ዱላ ደግሞ እንደ ዛሬዎቹ ከወለል የበቀለ አልነበረም። ከመሪው ሥር፣ ከመሪው ዘንግ ላይ ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ የተሰካ ነው። ሦስት ማርሽ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። እሱን ለመያዝ ሾፌሩ ክንዱን እስከ ደረቱ ድረስ ማንሳት አለበት። ጣጣችንም የመጣው በዚሁ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ባለቤቴ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ ሙክት ሲያስር ሙክቱ ረገጠውና ከመኪናው ጣሪያ ቁልቁል መጣ። በቀኝ ትከሻው ነው ያረፈው። ወጌሻ አሸው፤ ጤና ጣቢያ መርፌ ወጉት። ክንዱ ግን ከወገብ በላይ አልነሣም አለ። መሪውን በግራው ይይዛል፣ ቀኙን ከታች በኩል ያስደግፈዋል፤ ዱላው ጋ ሲደርስ ግን ጥርሱን ነክሶ ላብ በላብ ይሆናል። ሰውዬው ደግሞ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሾፌር ነው። ሾፌርነቱን ከወሰዱበት ምን እንደሚተርፈው እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

አንድ ቀን ከደጃችን ስንነሣ እጁ ዱላው ጋ ሳይደርስ ሲቀር አየሁና ሳልጠየቅ ዱላውን ያዝኩት።

«በይ እንግዲህ» አለኝ ወደ መንገዱ እያየ፣ «ቶኮ!»

ሾፌርነት ያስተማረው ሰው ማርሹን በኦሮምኛ ስለቆጠረለት እሱም ዕድሜውን ሁሉ እንዲያ ነበር የሚቆጥረው። ቶኮ አንደኛ፣ ለማ ሁለተኛ፣ ሰዲ ሦስተኛ። ቶኮ ሲል ወደ ራሴ ስቤ ወደ ታች፤ ለማ ሲል ገፋ አድርጌ ወደ ላይ፤ ሰዲ ሲል ቁልቁል። መጀመሪያ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ እንደ አሮጌ ወፍጮ ጮኸብን። እየቆየ ግን ተግባባን። ተሳፋሪውም ለመደና እሱ «ለማ!» ሲል ከኋላ ሆነው «ለማ!» ብለው ይቀበሉታል፤ ማኅበር ላይ ያለን እንጂ መንገድ ላይ ያለን አይመስልም።

አንዲት የጉደር ቅቤ ነጋዴ ነበረች፣ ቋሚ ደንበኛችን። ምላሷ ከቅቤዋ ይበልጥ የሚቀልጥ።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር» ትላለች፣ «ከአንድ ማርሽ መሆኑን ግን በእናንተ አየሁ! ኧረ ለመሆኑ የተኳረፋችሁ ቀን እንዴት ነው የምንሄደው?»

ተኳርፈንም እንሄድ ነበር። እሱ በመስኮቱ በኩል እያየ «ለማ» ይላል፤ እኔም በማዶው እያየሁ እንደ ባዳ ሰው አስገባለታለሁ። ኋላ ኋላማ ቃልም አላስፈለገን። ሞተሯ ድምፅዋን ሲያወፍር፣ የእሱ ጉልበት ወደ ፍሪሲዮኑ ሲወርድ፣ እጄ ዱላው ላይ ነው። ማርሽ የተማርኩት ከፊደል በፊት ነው። መሠረተ ትምህርት ገብቼ «ሀ ሁ» ስል እንኳ ቀላል የመሰለኝ ለዚያ ይሆናል፤ ፊደል ቢሳሳቱት አይጮህም።

ይህን ደስታችንን የጉደር ድልድይ ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አሥር አለቃ አስቆመው። አዲስ ተዛውሮ የመጣ፣ ቀበቶውን አጥብቆ የሚታጠቅ ሰው ነበር። አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ የእኔን እጅ ዱላው ላይ አየ።

«ይህን መኪና የሚነዳው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጓድ» አለ ባለቤቴ።

«ማርሹን የምታስገባውስ?»

«ባለቤቴ ናት።»

«መንጃ ፈቃዱ ላይ የስንታችሁ ፎቶ ነው ያለው?»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ቅቤ ነጋዴዋ ሳቋን በነጠላዋ ልታፍን ስትሞክር እንደ ፉጨት አመለጣት። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። አሥር አለቃውም አልሳቀ።

«እኔ እዚህ የቆምኩት ለሰው ነፍስ ነው» አለ። «ሁለት ጭንቅላት አንድ መኪና ሲነዳ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ምን ይሆናል? መንጃ ፈቃድህ እኔ ዘንድ ይቆያል፤ መኪናዋን ዛሬ ቤትህ አድርሰህ ታቆማታለህ። የሚመጣው ቅዳሜ አምቦ እጠብቅሃለሁ። ሰው ጭነህ፣ እኔ ከጎንህ ተቀምጬ፣ ብቻህን ዳገት ትወጣለህ። ከቻልክ ወስደህ ትነዳለህ። ካልቻልክ ወደ በላይ አስተላልፌው ይሰረዛል።»

ባለቤቴ ወረቀቱን በግራ እጁ አቀበለው። ወደ አምቦ ስንመለስ «ለማ»ም «ሰዲ»ም አላለ። ከኋላም የሚቀበል ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ መኪናዋ ደጅ ቆማ እሱ ቢላ ይስላል። ሌላ ሥራ አጥቶ ነው። ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ቢላውን ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ያስኬደዋል። እኔ ምስር እየለቀምኩ አየዋለሁ። አየሁት፣ አየሁትና ምስሩን ከነሰፌዱ አስቀመጥኩ። በቀኝ እጁ ነበር የሚስለው! ክንዱ ከወገብ በታች ምንም አልሆነም። ይገፋል፣ ይስባል፣ ፊቱም አይጨማደድም።

«አንተ!» አልኩት፣ «ዱላው ወደ አንተ ቢወርድስ?»

«የቱ ዱላ?»

«የማርሹ! የጤና ጣቢያው መኪና ላይ ከወለል አይደለም እንዴ የሚወጣው? ከጉልበትህ አጠገብ ቢሆን እኮ ቢላ እንደ መሳል ነው!»

ቢላውን ይዞ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ተነሣ። ጫማውን ሳያስር ነው መኪናዋን በሰው አስገፍተን ወደ ጋራዥ የሄድነው።

መካኒኩ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ዋርካ ሥር የሚሠራ ሽማግሌ ነበር። ሥራውን በጣሊያን ጊዜ ነው የለመደው፤ ጉራውንም አብሮ የለመደው ይመስለኛል።

«ኦቦ፣ ይቻላል?» አልኩት።

«አዴ፣ እኔን ይቻላል ወይ ትይኛለሽ? እኔ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ሬሳ መኪና አስነሥቼ ጌዶ ያደረስኩ ሰው!» ወደ መኪናዋ ዞሮ ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጋት። «ዱላን ከመሪ ላይ ማውረድ ማለት ሰውን ከፈረስ ማውረድ ማለት ነው። መውረዱ ቀላል ነው። ወጉ የት እንደምታስቀምጪው ነው።»

ምን ልበላችሁ፤ ያን ቀን የሆነውን ሁሉ ዛሬም እንደ ሠርግ ነው የማስታውሰው። መጀመሪያ ዱላውን ከመሪው ዘንግ ላይ ፈታው። በዘንጉ ጎን የሚወርዱትን ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አወጣ። የቀረውን ቀዳዳ በከመነዳሪ ቁራጭ ደፈነው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወደ ሞተው የጭነት መኪና ሄደ። ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ጋቢና ውስጥ ነው። አንዷ ታቅፋ ነበርና ረጅሙን የወለል ማርሽ ሲፈታ እጁን ነቁራ ነቁራ ደም አወጣችው።

«ይቺ ናት እውነተኛዋ ባለንብረት» አለ እጁን እየጠባ። ዱላውን ግን አመጣ።

ካምቢዮው በጎኑ ሁለት ጆሮ አለው። አንደኛው ጆሮ ቶኮንና የኋላውን ማርሽ ይዘውራል፣ ሌላው ለማንና ሰዲን። የመካኒኩ ሥራ አዲሱን ዱላ በወለሉ አሳልፎ በአጫጭር ብረቶች ከሁለቱ ጆሮዎች ጋር ማያያዝ ነው። እሱ ከመኪናዋ ሥር ለሥራው ከተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ከላይ ሆኜ ዱላውን እይዛለሁ። ወለሉን በመሮ ሲበሳው ባለቤቴ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ወንዙ ሄደ። ሲመለስ መካኒኩ የአግዳሚ ወንበሩን መሃል ሸርፎት ነበር፤ ዱላው መፈናፈኛ ይፈልጋላ።

«እሷ የት ልትቀመጥ ነው?» አለ ባለቤቴ ሽራፊውን እያየ።

«ቤቷ!» አለ መካኒኩ ከጉድጓድ ውስጥ።

«ቤቴማ ይኸው ነበር» አልኩ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ትንሽ ዘግይቼ ነው የሳቅሁት።

አሁን ስለ አምቦ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔ አምቦ ማለት አንድ ረጅም መንገድ ነው። በአንድ ጫፉ ጉደር፣ በሌላው ጫፉ ጊንጪ። ስለዚህ ሰዉ ቀኝና ግራ፣ ፊትና ኋላ ብሎ አያውቅም። «ወደ ጉደር ፈቀቅ በል»፣ «ወደ ጊንጪ ጠጋ በይ» ነው የምንባባለው። ቁም ሣጥን ስናስገባ እንኳ «በሩን ወደ ጊንጪ አድርጉት» ብለን ነው። መካኒኩም ከሥር ሆኖ የሚያዘኝ እንዲያው ነበር።

«አዴ፣ ወደ ጉደር ሳቢው! ... ያዢ! ቶኮ እዚህ ትሁን። ቶኮ ወደ ጉደር! የኋላው ወደ ጊንጪ!»

«ቶኮ ወደ ጉደር!» እላለሁ እኔም እንዳልረሳው።

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ጊንጪ አድርጋ ነበር የቆመችው። ስለዚህ ወደ ጉደር ማለት ወደ ሾፌሩ፣ ወደ ኋላ መሳብ ማለት ነው። ትክክል ነበር። መካኒኩም ልክ እንደዚያ ብረቶቹን ለካ፣ በኖራ ምልክት አደረገባቸው፣ ብየዳውን ለነገ አሳደረው።

ሌሊት ዝናብ ጣለና ጉድጓዱን ሞላው። ጠዋት መንገደኛውን ሁሉ ለምነን መኪናዋን ገፋናት፤ አዙረን ግቢው ውስጥ በደረቁ በኩል አቆምናት። መካኒኩ ጆንያ አንጥፎ ከሥሯ ገባ። የኖራው ምልክት በዝናቡ ታጥቧል።

«አዴ! ቶኮ ወዴት ነበር ያልነው?»

«ወደ ጉደር!»

«በይ ወደ ጉደር ያዢው!»

ወደ ጉደር ገፍቼ ያዝኩለት። እሱም ብየዳውን አንጣጣው፤ ብረቱ ቀልጦ ሲገጥም ልቤም አብሮ የገጠመ መሰለኝ። ሲጨርስ የጋዙ ሲሊንደርም አብሮ አለቀ። «ልክ ልክ ነው፣ ለእናንተ ተብሎ የተቀዳ!» አለ ፊቱን እየጠረገ።

በዚያው ዕለት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ባለቤቴ መሪው ፊት ተቀመጠ። የጋራዡ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። ቀኝ እጁን ዝቅ አድርጎ ዱላውን ያዘ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ፈገግታ! ከውድቀቱ ወዲህ እንዲያ አላየሁትም። ሞተሯን አስነሣና ፍሪሲዮን ረገጠ። ማንኛውም የወለል ማርሽ የሚያውቅ ሾፌር እንደሚያደርገው ዱላውን ወደ ራሱ ሳበና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ።

መኪናዋ እያጓራች ወደ ኋላ ተፈተለከች! ከኋላዋ የተደረደሩት የጋራዡ በርሜሎች ተንጋጉ፤ ዶሮዎቹ ዋርካው ላይ ወጡ፤ መካኒኩ የያዘውን ፒንሳ ጥሎ ወደ ወንዙ ሮጠ። በርሜሎቹ ናቸው ያቆሟት።

«ጉደር ተሳፍረን ጊንጪ ወረድን!» አለ ከመንገድ ላይ አንዱ፤ ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መካኒኩ ተመልሶ መጣ። አንድ በርሜል ላይ ተቀምጦ እጁን በአየር ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ አደረገ።

«አዴ፣ ትናንት አፍንጫዋ ወዴት ነበር?»

«ወደ ጊንጪ።»

«ዛሬስ?»

«ወደ ...» አልኩና አፌን ያዝኩ።

«ያ ዋቅ!» አለ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። ጉደርን አጥብቀን ይዘን መኪናዋ መዞሯን ሁላችንም ረስተናል። ማርሹ ሁሉ ተገልብጧል። ቶኮ ወደ ፊት፣ የኋላው ወደ ሾፌሩ፤ ሰዲ ወደ ፊት፣ ለማ ወደ ሾፌሩ።

«አፍርሰህ ሥራው» አለው ባለቤቴ።

«በምን? ጋዝ የለኝ። አዲስ አበባ ልኬ እስኪመጣ ቅዳሜ ያልፋል።» ከዚያ ጉራው ተመለሰለት መሰል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «እንግዲህ መኪናዋ ተምራለች፤ አንተ ተማር!»

ባለቤቴ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ተመልሶ መሪው ፊት ቁጭ አለ። የቀረን ቤንዚን ለፈተናው ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ሞተሯን ሳናስነሣ፣ በቆመችበት፣ አፍንጫዋን ወደ ጉደር እንዳደረገች ተለማመደ። እኔ ከጎን፣ ከሽራፊው ማዶ ተቀምጬ እጠራለሁ።

«ቶኮ!»

«ወደ ጉደር» ይልና ይገፋል።

«ለማ!»

«ወደ ጊንጪ» ይልና ይስባል።

ድሮ እሱ ይጠራ ነበር እኔ አስገባ ነበር፤ አሁን ተገለባበጥን። መካኒኩ ሻይ ይዞልን መጣና «ማርሹ ብቻ አይደለም የተገለበጠው» ብሎ አፌዘብን። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይሳሳት ያስገባ ነበር። ተቃቅፈን ነው ወደ ቤት የሄድነው። ክንዱን አያችሁ? ሠርቷል! መላው ነገር ሠርቷል!

ቅዳሜ አሥር አለቃው በሰዓቱ መጣ። ከባለቤቴ ጎን፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ተሳፋሪ ጫኑ ስላለ ቅቤ ነጋዴዋና ሁለት የወንጪ ገበሬዎች ከኋላ ገቡ። እኔንም አየኝ።

«አንቺ ከኋላ። አንዲት ቃል ከአፍሽ ከወጣ ፈተናው እዚያው ያበቃል።»

«እኔስ?» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

«አንቺም!»

«ወይ ጉዴ! እኔ ዝም ብዬ ተሳፍሬ አላውቅ፣ ያመኛል!»

እኔ ከኋላ መሃል ገባሁ። ከዚያች መኪና ኋላ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የባለቤቴን ማጅራት ብቻ ነው የማየው። ቶኮን ወደ ፊት ገፋ፤ ተነሣን! ለማ፣ ሰዲ፤ ካምቢዮው አንዲት ድምፅ እንኳ አላሰማ። ጭኔን በደስታ ቆነጠጥኩት።

ትንሽ እንደሄድን አሥር አለቃው እጁን ዘረጋ።

«ወደ ወንጪ ውጣ።»

የወንጪ መንገድ ከከተማው ታጥፎ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ያኔ ጥርጊያ፣ ድንጋዩ እንደ ቅል የሚንከባለል። መኪናዋ እየሄደች እስካለች ድረስ ባለቤቴ በለመደው ያስኬዳት ነበር። ለማን አስገብቶ አንዱን ኩርባ ጨረሰ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግን ከላይ የገበያ ፈረሶች መጡ፤ ድንች የጫኑ፣ መንገዱን ሞልተው። ቆመ። ግድ ነው መቆሙ። በግራ እጁ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ፈረሶቹ እየታከኩን አለፉ፤ የአንዱ ጆንያ መስኮታችንን ጠርጎ ሄደ።

አሁን ከዳገት መነሣት ነው። እጁ ዱላው ላይ ሄደና ቆመ።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በጎን አየሁት። «ቶኮ ወደ ጉደር» ይላል፤ ታወቀኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አፍንጫችን ወደ ወንጪ ነው እኮ! ከፊታችን ጉደር የለም፤ ጉደር በቀኝ ነው፣ ጊንጪ በግራ። መኪናዋ በአንድ ቦታ ቆማ የተማረው ሁሉ ስትዞር ጠፋ። እጁ ዱላውን ወደ ቀኝ አደረገው፣ ወደ ጉደር፤ እዚያ ማርሽ የለም። መለሰው። ፊት ነው? ኋላ ነው? ከኋላችን ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ቦዩና የአንድ ገበሬ የእንሰት ማሳ። ተሳስቶ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ቢለቅ ሁላችንም እዚያ ነን።

አፌን በነጠላዬ ጠቀጠቅሁት። ግራ እጄ ጭኔ ላይ ሆኖ ብቻውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ይገፋል፤ ማን አይቶልኝ። ቅቤ ነጋዴዋ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ከንፈሯን ነክሳለች። ዝም ብላ ሳያት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ አሥር አለቃው።

ባለቤቴ መሪውን በግራው አጥብቆ ያዘ። ዱላውን ወደ ራሱ ሳበ። ስህተት! ልጮህ ነበር። ግን ፍሪሲዮኑን አልለቀቀም። የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ እግሩን ፀጉር በምታህል ብቻ ላላ አደረገ። መኪናዋ ቋ አለችና ወገቧ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ወዲያው መልሶ ረገጠ። እጁ የጠፋበትን እግሩን ጠየቀ ማለት ነው! ያን ሁሉ ወራት እኔ እጅ ስሆን እሱ እግር ብቻ ነበር፤ እግሩ ያችን መኪና ከማንኛችንም በላይ ያውቃታል።

አሥር አለቃው ሁለት እጁን ከፊቱ ተክሏል። «ወደ ኋላ ነው! ወደ ኋላ እኮ ነው!»

«አሁን ነገረችኝ ጓድ» አለ ባለቤቴ በረጅሙ ተንፍሶ። ዱላውን ወደ ፊት ገፋው። እግሩን አላላ፤ አፍንጫዋ ቀና ሲል፣ ልክ ፈረስ ሊነሣ ሲል እንደሚያደርገው፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። ድንጋዩ ከጎማዋ ሥር ተስፈነጠረ፤ ወጣች! አንድ ክንድ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ወጣች!

ቅቤ ነጋዴዋ አልቻለችም። እልል አለች። ገበሬዎቹም «ቶኮ! ለማ!» እያሉ ጣሪያውን ደበደቡት። እኔ ብቻ ነኝ ነጠላዬን ከአፌ ያላወጣሁ፤ ፈተናው አላለቀማ።

ከላይ፣ ገብሱ እንደ ውኃ የሚወዛወዝበት ሜዳ ላይ ስንደርስ አሥር አለቃው «ቁም» አለ። ነፋሱ ይገርፋል። ሁላችንም ወረድን። መንጃ ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋው፣ በደረቱ ትክክል። ባለቤቴ ቀኝ እጁን ሰደደ፤ እጁ ከወገቡ ላይ ደርሶ ቆመ። ግራውን አልዘረጋም። ቆመ። አሥር አለቃው አየው፤ እጁንም አየ። ከዚያ የራሱን እጅ ቀስ ብሎ አወረደና ወረቀቱን እዚያው ታች አስያዘው።

«ብቻህን ነድተሃል» አለ። «ግን ያን ዱላ ሌላ ሰው እንዳይነካው። ጠላቴ እንኳ እንዲነካው አልፈልግም።» ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «አሁን መናገር ትችያለሽ» አለኝ።

ያኔ ነው ነጠላዬን ከአፌ ያወጣሁት።

እሱ ከወንጪ የሚመጡትን መኪናዎች ሊቆጣጠር እዚያው ቀረ፤ ገበሬዎቹም ወደ ቤታቸው። የፊት ወንበር ባዶ ሆነ። ቅቤ ነጋዴዋ በሩን ልትከፍት ቀደመች።

«እኔ ኋላ ተጨፍልቄያለሁ፣ ፊት ልውጣ!»

«እትዬ፣ ዛሬ አይሆንም» አለ ባለቤቴ። ወደ እኔ በአገጩ ጠቆመ። «ነይ።»

ገባሁ። በበሩ በኩል፣ ዱላው በመካከላችን። ቁልቁል ስንወርድ እሱ በለማ ይዟት ያፏጫል። እኔ እጆቼን የት ላድርጋቸው? ግራዬ ኩርባ በመጣ ቁጥር ይነሣል፤ አየኝና ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። እጄን ጭኔ ሥር ደበቅሁት። ቆይቼ ቀኝ እጄ የመስኮቱን መዘውር አገኘ። እስከ ታች አወረድኩት።

ያን ሁሉ ጊዜ መሃል ተቀምጬ መንገዱን ያየሁት ከፊት በኩል ብቻ ነበር፤ ዓይኔ ከሞተሯ አፍንጫ አልፎ አያውቅም። ከጎን አገር እንዲህ እንደሚያልፍ ማን ነግሮኝ! ከታች አምቦ በባሕር ዛፎቿ መካከል ተዘርግታ የቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ያብለጨልጫል፤ የገበያው ሰው እንደ ተበተነ ምስር ይታያል። አንዱ የፈረስ ጌታ ባርኔጣውን ሲያነሣልኝ እጄን ዘርግቼ ነካሁት ማለት ይቻላል። ነፋሱ ነጠላዬን ነጥቆ አውለበለበው።

«ዝጊው አንቺ፣ በርዶን ሞትን!» አለች ቅቤ ነጋዴዋ ከኋላ።

አልዘጋሁም።